ለአራት ጓደኛሞች አጫጭር ዋልዞች፦ ከግራ እጅ ጀምሩ

ጥያቄ፦ «እኔና ሦስት ጓደኞቼ ፒያኖ የጀመርነው በጎልማሳነታችን ነው። እኔ ሦስት ዓመት ተምሬያለሁ፤ አንዷ ገና ዓመት አልሞላትም። ሁለታችን አዲስ አበባ ነን፣ አንዷ ዱባይ፣ አንዱ ሚኒያፖሊስ። ለገና እያንዳንዳችን አንድ አጭር የክላሲካል ዋልዝ ተምረን እርስ በርስ ልንሰማማ ተስማምተናል። ሦስት ወር ገደማ አለን። እኔ የአቀናባሪውን የሾፓንን የደቂቃ ዋልዝ ጀምሬ መሀሉ ላይ ቆሜያለሁ። ግራ እጄ ሲዘል ይስታል። ቀስ ብዬ ስጫወተው ደግሞ ዋልዝ ሳይሆን የሰልፍ ማርሽ ይመስላል። ምን እንምረጥ? ሁላችንም አንድ ዓይነት እንማር ወይስ የተለያየ? በተለያየ አገር ሆነንስ እንዴት አብረን እንማራለን?»

መልስ፦ ለጊዜው የደቂቃውን ዋልዝ ይዝጉት። ታዋቂ ስለሆነ ቀላል ይመስላል እንጂ በዲ ፍላት ሜጀር (ብዙ ጥቁር ቁልፍ በሚነካበት ቅኝት) የተጻፈ፣ ቀኝ እጅ ያለ ዕረፍት የሚሽከረከርበት ሥራ ነው። ጥሩ ጥሩ ተጫዋቾች እንኳ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ይወስድባቸዋል። ሦስት ዓመት የተማረ ሰው በሦስት ወር አይጨርሰውም። ቢጨርሰውም እየተጨነቀ ነው የሚጫወተው። በጣም የሚያሳዝነኝ ብዙ አዋቂ ተማሪ ከዋልዝ ጋር የሚተዋወቀው በዚህ ሥራ መሆኑ ነው። ይሞክረዋል፣ ያቅተዋል፣ ከዚያ «ዋልዝ ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል።

ለእርስዎ ይሆናል። ችግሩ ያለው ግራ እጅዎ ላይ ነው። ዋልዝ በሦስት ምት የሚሄድ የዳንስ ሙዚቃ ነው፤ ዋልዝን ዋልዝ የሚያደርገው ደግሞ ግራ እጅ ነውና። ግራ እጅን ለማቃናት ደግሞ ጓደኛን የሚያክል ነገር አላየሁም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ነገሮች የሚመጣ ነው።

መጀመሪያ ስለ ማርሹ። ሦስቱንም ምት እኩል ስለሚመቱ ነው። በአብዛኛዎቹ የፒያኖ ዋልዞች የግራ እጅ ሥራ አንድ ዓይነት ነው። አንደኛው ምት ላይ ታች ያለውን ወፍራም ድምፅ፣ ቤዙን፣ ይነካል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ወደ መሀል ወጥቶ ኮርድ (በአንድ ላይ የሚነኩ ኖታዎች) ይነካል። ክብደቱ ያለው ቤዙ ላይ ነው። ኮርዶቹ ቀላል ናቸው፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉም ይቀላል። ተማሪ ግን ሳያውቀው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ቤዙ አንድ ኖታ ነው፤ ያውም በትንሿ ጣት ስለሚነካ ደከም ይላል። ኮርዱን ሁለትና ሦስት ጣት ስለሚይዘው ይጮኻል። «ዱም ታ ታ» መሆን የነበረበት «ዱ ታም ታም» ይሆናል።

ለእኛ ጆሮ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ችክችካን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምናውቀው በሦስት በሦስት መቁጠር አይከብደንም። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ግን ችክችካ በስድስት ስምንተኛ የሚሄድ፣ ሁለት ሦስቶችን አጣምሮ ወደፊት የሚገፋ ምት ነው። ዋልዝ በየሦስቱ አንዴ መሬት ይነካል። ስንፈጥን እጃችን ሁለት ሁለት ባር (በዋልዝ አንድ ባር ሦስት ምት ነው) እያጣመረ ወደ ችክችካው ሊያደላ ይችላል፤ ያኔ የሁለተኛው ባር ቤዝ ይሟሽሻል። ይህን ከሰሙ ድምፅ አውጥተው ይቁጠሩ። «አንድ» የሚለው በየባሩ እኩል ይውጣ። ነገሩ የጀማሪ ይመስላል፤ ግን ትልልቅ ተማሪዎቼንም አስቆጥራቸዋለሁ።

አሁን ስለ ዝላዩ። ግራ እጅዎ የሚስተው ስለሚዘገይ ነው። ሁለተኛው ምት ሲደርስ እጅዎ ገና በአየር ላይ ነው፤ ያገኘው ቁልፍ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ እንዲህ ይለማመዱ። በኤ ማይነር እንጀምር። ትንሿ ጣት ታች ያለውን ኤ ትንካ። ወዲያው፣ ምቱን ሳይጠብቁ፣ እጅዎ ወደ ኮርዱ ይሂድና ቁልፎቹ ላይ ይረፍ። ይዳስስ እንጂ አይጫን። ትክክለኛው ቦታ ላይ መሆኑን አይተው ያረጋግጡ። ከዚያ ነው የሚጫኑት። ሁለት ጊዜ በለስላሳው ይንኩት። አሁን ደግሞ ወደ ታች መመለስ አለ፤ በእኔ ልምድ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የሦስተኛው ምት ኮርድ አጭር ይሁን። እንደነኩት ይልቀቁትና ትንሿ ጣት ቀጣዩ ቤዝ ላይ ቀድማ ትጠብቅ።

መካከሉ ላይ ያለው ዝምታ በመጀመሪያው ሳምንት ረጅም ይሆናል። ይሁን። ፍጥነቱን የሚጨምሩት ዝምታውን በማሳጠር ነው፤ እጅን በማስደንገጥ አይደለም። እጅዎን ከቁልፎቹ በላይ ከፍ አያድርጉ። ክርንዎ ይምራ፣ ጣቶቹ ይከተሉ። ሁለት ሳምንት በየቀኑ አሥር ደቂቃ እንዲህ ከሠሩ ትንሿ ጣት ቤዙን የምታገኘው የቤትዎን ማብሪያ በጨለማ እንደሚያገኙት ነው።

ፔዳሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ቤዙን እንደነኩ እግርዎ ይውረድ፤ እጅዎ ሲሄድ ድምፁን የሚይዝልዎት እሱ ነው። ሦስተኛው ምት አካባቢ ይነሳ። እስከሚቀጥለው ባር ከቆየ ኮርዶቹ ይደበላለቃሉ። ሳይወርድ ከዘገየ ደግሞ ቤዙ ይቆረጥና ዋልዙ መሠረት ያጣል። ፔዳልን ከግራ እጅ ጋር ብቻ ይለማመዱ። ቀኝ እጅ ሲጨመር ጆሮ ሁሉ ወደ ዜማው ስለሚሄድ የፔዳሉን ስህተት አይሰሙትም።

የሾፓን ተማሪዎች ስለ መምህራቸው ከጻፉት ውስጥ አንዱ ይህ ነው፦ ግራ እጅ እንደ ኦርኬስትራ መሪ ሰዓቱን ይጠብቅ፣ ቀኝ እጅ እንደ ልቡ ይዝፈን ይል ነበር። ዋልዙን መለጠጥና ማፍጠን እንደ ሾፓን የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እሱ ያለው ግን መጀመሪያ ሰዓቱን የሚጠብቅ ግራ እጅ ይኑር ነው።

ጓደኞችዎ የሚያስፈልጉት እዚህ ላይ ነው። ሁለታችሁ አዲስ አበባ ስላላችሁ አንድ ፒያኖ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንዱ የግራ እጁን ክፍል ብቻ ይጫወት፣ ሌላው የቀኙን። ከዚያ ተቀያየሩ። ግራውን የያዘ ሰው ዜማ ስለሌለው መደበቂያ የለውም። ቤዙ ቢደክም ወይም ኮርዱ ቢጮኽ ሁለታችሁም ትሰሙታላችሁ። ዜማውን የያዘው ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚያስተማምን ምት ላይ ተደግፎ ይዘፍናል። ለብቻዎ ሲጫወቱ ቀኝ እጅዎ ሲከብደው ግራውን ያስቆመዋል። ለሁለት ስትጫወቱ ግን ጓደኛዎ አይቆምልዎትም። ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ) በወር ሙሉ ሲያመጣ ያላየሁትን ለውጥ ይህ ዘዴ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሲያመጣ አይቻለሁ።

ይህ ከባህሉ ውጭ የሆነ ዘዴ አይደለም። ጀርመናዊው አቀናባሪ ብራምስ እ.ኤ.አ. በ1865 የጻፋቸው 16 ዋልዞች፣ ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 39፣ መጀመሪያ የተዘጋጁት ለአራት እጅ ነው፤ ሁለት ሰው አንድ ፒያኖ ላይ ሊጫወታቸው። ኋላ ለአንድ ሰው አዘጋጃቸው፣ ከዚያም ቀለል አድርጎ እንደገና ጻፋቸው። አዲስ አበባ ያላችሁት ሁለታችሁ ከእነዚህ አንዱን በአራት እጅ ብትሞክሩ በጣም ደስ ይለኛል። አብዛኞቹ ከአንድና ከሁለት ደቂቃ አያልፉም። ታዋቂው 15ኛው ነው። ለአንድ ሰው የተዘጋጀውን ለመጫወት ከፈለጋችሁ ግን ቀለል ያለውን ቅጂ ፈልጉ።

ዱባይና ሚኒያፖሊስ ያሉትስ? በስልክ ወይም በቪዲዮ አብሮ ለመጫወት አትሞክሩ። ድምፁ ስለሚዘገይ እያንዳንዱ ሌላውን ይጠብቃል፣ ዋልዙም እየዘገየ እየዘገየ ይቆማል። ከዚያ ይልቅ ግራ እጃችሁን ቅዱ። ከኖታው መጀመሪያ እስከ መጨረሻ የግራውን ክፍል ብቻ፣ በእኩል ፍጥነት ተጫውታችሁ በስልክ ቅዱና ላኩ። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ባር ድምፅ አውጥታችሁ ቁጠሩ፤ የተቀባዩ ቀኝ እጅ መቼ እንደሚገባ እንዲያውቅ። እሱ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ቀኙን በላዩ ይጫወታል። ለብዙ ሰው የራሱን ግራ እጅ ቀድቶ ማዳመጥ ብቻውን ትምህርት ነው። ጓደኛዬ በዚህ ላይ ዜማ ሊጫወትበት ነው ብሎ ሲያስብ ግን ጥንቃቄው ሌላ ይሆናል።

ለዚህ ዘዴ ቢያንስ አንድ የጋራ ዋልዝ ያስፈልጋችኋል። ስለዚህ ለጥያቄዎ መልሴ ሁለቱም ነው። አንዱን አጭር ዋልዝ አራታችሁም ተማሩት። ከዚያ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ያዙ።

ለጋራው የቪየናውን አቀናባሪ ሹበርትን እመርጣለሁ፣ ያለ ምንም ማመንታት። በ1821 የታተመው ኦፐስ 9፣ በሹበርት ሥራዎች ዝርዝር ዲ 365 የሚባለው፣ 36 ዋልዞች አሉት። አብዛኞቹ 16 ባር ናቸው፤ ስምንት ይደገማል፣ ስምንት ይደገማል፣ አለቀ። ገና ዓመት ያልሞላት ጓደኛችሁም ከመካከላቸው የምትችለው አታጣም። ኖታው የቅጂ መብቱ ያለፈበት ስለሆነ አይኤምኤስኤልፒ (IMSLP) በሚባለው ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል። ሁሉንም አገላብጣችሁ እዩና ዲዬዝና ፍላት (ኖታን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ ምልክቶች) ያልበዛበትን፣ ቀኝ እጁ ብዙ ኦክታቭ (እጅ ተዘርግቶ የሚነካው) የሌለበትን ምረጡ።

ቀላልነታቸው ብቻ አይደለም የሚያስመርጠኝ። ሹበርት እነዚህን የጻፈው ለኮንሰርት አዳራሽ አልነበረም። ቪየና ውስጥ ጓደኞቹ ማታ ማታ ሲሰበሰቡ እሱ ፒያኖው ላይ ይቀመጣል፣ እነሱ ይጨፍራሉ። ደስ ያለውን እየፈጠረ ይጫወትና ከወደደው ኋላ ይጽፈዋል። ያልጻፈውም አለ። በ1826 ጓደኛው ሠዓሊው ሊዮፖልድ ኩፐልቪዘር ሲያገባ ሠርጉ ላይ አንድ ዋልዝ ተጫወተ። ኖታው አልተጻፈም። የኩፐልቪዘር ቤተሰብ ግን በጆሮ ይዞ ከልጅ ወደ ልጅ አሳለፈው። በ1943 አቀናባሪው ሪቻርድ ሽትራውስ ሰምቶ ጻፈው። ከመቶ ዓመት በላይ ያንን ዋልዝ ያቆየው ቤት ውስጥ እየተጫወቱ ለልጆቻቸው ያስተማሩት ሰዎች ናቸው። እናንተም ለገና ልታደርጉ ያሰባችሁት ከዚያ የተለየ አይደለም።

ለየግል የሚሆኑትን በችሎታ ቅደም ተከተል ላስቀምጥ። ለጀማሪዋ ሁለተኛ የሹበርት ዋልዝ ይበቃታል። ሁለቱን አያይዛ፣ የመጀመሪያውን መልሳ ብትጫወት ሙሉ ሥራ ይወጣዋል፤ የሹበርትን አጫጭር ዋልዞች ሰንሰለት አድርጎ መጫወት የተለመደ ነው። ከዚያ ከፍ ለሚለው የኖርዌጁ አቀናባሪ የግሪግ ዋልዝ አለ፤ ኦፐስ 12 ቁጥር 2፣ በ1867 ከታተመው የመጀመሪያው የሊሪክ ሥራዎቹ ስብስብ። በኤ ማይነር ነው። ዜማው ከመግባቱ በፊት ግራ እጅ ብቻውን ይጀምራል። ያ መግቢያ ለእርስዎ ዓይነት ችግር እንደ መድኃኒት የታዘዘ ነው፤ እሱን በትክክል ካላስቀመጡ ዜማው አይገባም። መሀሉ ላይ ወደ ኤ ሜጀር ሲዞር ኖታው ላይ የሚመጡትን ሦስት ዲዬዞች እንዳይረሱ። የሩሲያዊው አቀናባሪ የቻይኮቭስኪው፣ በ1878 ለልጆች ከጻፋቸው 24 ሥራዎች ውስጥ ያለው በኢ ፍላት ሜጀር የሆነው ዋልዝ፣ ከዚህ ጥቂት ይከብዳል። ለልጆች ተብሎ መጻፉ አያታልላችሁ።

ለእርስዎ የምመርጠው ግን ሾፓን ነው፤ የጀመሩት እሱን ወደው ነውና ከእሱ አላርቅዎትም። በሕይወት እያለ ያሳተመው 8 ዋልዝ ብቻ ነው። ሌሎቹ ከሞተ በኋላ የወጡ ናቸው፣ ለአማተር የሚቀርበውም አንዱ ከእነዚህ ነው፦ በኤ ማይነር የሆነው፣ ኖታው ላይ «ፖስቱመስ» ወይም «ቢ 150» የሚል የተጻፈበት። ሲፈልጉ ይጠንቀቁ። ሾፓን በኤ ማይነር ከአንድ በላይ ዋልዝ አለው። ኦፐስ 34 ቁጥር 2 የሚለው ረጅምና ከባድ ነው። ሌላው ደግሞ በኒው ዮርኩ ሞርጋን ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም የተገኘውና በ2024 ለዓለም የተነገረው ነው። የመዳፍ ያህል በምትሆን ትንሽ ወረቀት ላይ የተጻፈ፣ 24 ባር ብቻ ያለው፣ መጀመሪያው አካባቢ ድንገት በኃይል የሚጮኽ እንግዳ ሥራ ነው። ፒያኒስቱ ላንግ ላንግ ተጫውቶታል፤ ያዳምጡት፣ ደስ ይላል። ለመማር ግን ቢ 150ውን ይያዙ።

በቢ 150 ግራ እጁ ከላይ የገለጽኩት ቤዝና ኮርድ ነው። ቀኝ እጁ ቀስ ያለ፣ የሚያዝን ዜማ ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከለው በመሀሉ ቀኝ እጅ በኢ ሜጀር አርፔጆ (የኮርዱን ኖታዎች አንድ በአንድ እየነካ) ወደ ላይ የሚወጣበት ላይ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እሱን ለብቻው ይለማመዱ። አውራ ጣት ከሌሎቹ ሥር ሲያልፍ እጁ እንዳይገለበጥ፣ ክርኑ ወደ ቀኝ እየሄደ ይሸከመው። ግራ እጁ እዚያ ላይ ለአርፔጆው ብሎ አይጠብቅ። አርፔጆው በሰዓቱ ካልደረሰ ሙሉውን ዋልዝ ቀስ አድርጉት እንጂ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ አትዝግሙ፤ ሰሚ ወዲያው ይነቃበታል። ወደ መገባደጃው ለጥቂት ባሮች ወደ ኤ ሜጀር ይዞራል። እዚያ ጥቂት ሞቅ ይበል።

ስለ ስብሰባው። እስከ ገና አትጠብቁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ በቪዲዮ ተገናኙና እያንዳንዳችሁ የደረሳችሁበትን ተጫወቱ፣ ስምንት ባርም ቢሆን። ሕጉ አንድ ነው፦ ከጀመራችሁ አትቆሙም። ኖታ ቢሳት ይሳት፣ ቀኝ እጅ ቢጠፋም ግራ እጅ ይቀጥል። ለብቻ መለማመድ የማያስተምረው ነገር ይህ ነው። ቤት ውስጥ ሲሳሳቱ መመለስ ይለመዳል፤ ወር ሙሉ መመለስን ሲለማመድ የቆየ ሰው ጓደኞቹ ፊትም ይመለሳል።

ሰሚዎቹም ሥራ አላቸው። ከወንበራችሁ ተነሱና ተራመዱ። በአንድ ላይ ረዘም ያለ እርምጃ፣ በሁለትና በሦስት አጠር ያሉ። ዳንሱን ማወቅ አያስፈልግም። የሚጫወተው ሰው ምቱን ሲሰብር እግራችሁ ይነግራችኋል፤ የት እንደተደናቀፋችሁ ብቻ ንገሩት። «ጎበዝ» ማለት ደስ ይላል ግን አይጠቅመውም። አሥር እርማት መደርደርም አይጠቅመውም። አንድ ቦታ፣ አንድ ነገር።

በየሳምንቱ ቅጂ የምትላላኩ ከሆነ ሃያ ጊዜ ሞክራችሁ የተሻለውን አትላኩ። የቀኑን የመጀመሪያ ሙከራ ላኩ። ለገና የምትጫወቱት የመጀመሪያ ሙከራችሁን ነውና።

መሣሪያ አልጠየቁኝም፤ ግን ከአራታችሁ ቢያንስ አንዱ ኪቦርድ ላይ እንደሚማር እገምታለሁ። ቁልፉ ለጣት ኃይል የማይታዘዝ፣ ቢዳስሱትም ቢመቱትም እኩል የሚጮኽ ኪቦርድ ዋልዝ አያስተምርም፤ ቤዝና ኮርድን የሚለየው ክብደት ነዋ። ለጣት የሚታዘዝ ይሁን፣ ድምፅ የሚያቆየው የሰስቴይን ፔዳል ይኑረው። 61 ቁልፍ ያለው ከሆነ ሥራ ከመምረጣችሁ በፊት የኖታውን ዝቅተኛና ከፍተኛ ቁልፍ ፈልጋችሁ በመሣሪያው ላይ መኖራቸውን እዩ።

ለማዳመጥ ደግሞ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ጨምሩ። በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ፣ ኋላም በካይሮ የአውሮፓን ሙዚቃ ተምረው፣ ኢየሩሳሌም ገዳም ኖረው በ2023 ያረፉ ፒያኒስት ናቸው። በአንዳንድ ሥራዎቻቸው ግራ እጃቸው በሦስት ሲወዛወዝ፣ ቀኝ እጃቸው በእኛ ቅኝት ሲዘምር ይሰማል። ቀኝ እጃቸው የፈለገውን ያህል ሲቆይና ሲፈጥን ግራው ምን እንደሚያደርግ ልብ ብላችሁ አድምጡ።

አሁን ከሹበርት 36ቱ አንዱን ለአራታችሁ ምረጡ። ከእርስዎ ይጀመር፤ በሚቀጥለው እሑድ የግራ እጅዎን ቅጂ ለዱባይና ለሚኒያፖሊስ ይላኩ፣ በጣም ቀስ ብሎም ቢሆን። የአንድ ባር ቆጠራውን እንዳይረሱ።